አሳዳሪና ሞግዚት፦ ወላጅና ዘመድ ልጅን በሕግ ለማሳደግ ፍርድ ቤትን የሚጠይቁት እንዴት ነው?

በአዳማ ከተማ በየሰፈሩ “ሞግዚት” የሚለው ቃል የሚታወቀው በአንድ ትርጉም ነው፤ ወላጆች ሥራ ሲውሉ ሕፃን ለመጠበቅ የተቀጠረችው ሴት ማለት ነው። ይኸው ቃል በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ፈጽሞ ሌላ ሰውን ያመለክታል። ወላጆቹን በሞት ያጣ የእህቷን ልጅ ለዓመታት ያሳደገች አክስት፣ ለልጁ የተቀመጠለትን ገንዘብ ለማንቀሳቀስ ባንክ ስትሄድ “የሞግዚትነት ማስረጃ ያምጡ” ትባላለች። “እኔ አክስቱ ነኝ እንጂ ሞግዚቱ ነኝን?” ብላ ብትቆጣ የሚያስገርም አይደለም፤ ቃሉን የምታውቀው በቤት ትርጉሙ ነውና። ልጅን በእጅ ይዞ ማሳደግና የልጁ ሕጋዊ ወኪል መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ቤተሰብ የሚረዳው እንዲህ ባለ ቀን፣ መስኮት ፊት ቆሞ ነው። ይህ ማብራሪያ የተጻፈው ያ ቀን ሳይመጣ ነገሩን አስቀድሞ ለማሳወቅ ነው።

አሳዳሪ ማን ነው? ሞግዚትስ?

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይባላል፤ በራሱ ስም ውል መዋዋልም ሆነ ንብረቱን ማስተዳደር አይችልም። ስለዚህ ሕጉ ሁለት ኃላፊነቶችን ለሌላ ሰው ይሰጣል። የመጀመሪያው የልጁን አካልና ሕይወት የሚመለከት ሲሆን የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚማር፣ ሲታመም የት እንደሚታከም፣ ከማን ጋር እንደሚውል መወሰንን ያካትታል። ይህን የሚሠራው ሰው “አሳዳሪ” ይባላል። ሁለተኛው የልጁን ገንዘብና ንብረት ማስተዳደርና በሕግ ፊት ስለ ልጁ መቆም ሲሆን፣ ይህን የሚሠራው “ሞግዚት” ነው። በሰፈር ቋንቋ “አሳዳጊ” የምንለው ሰው በአብዛኛው ሁለቱንም በአንድነት የያዘውን ነው፤ በተግባርም ፍርድ ቤቶች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ሥልጣኖች ለአንድ ሰው በአንድ ውሳኔ ይሰጣሉ።

የሞግዚትን ቦታ ለመረዳት የዕድርን ገንዘብ ያዥ ማሰብ ይጠቅማል። ገንዘቡ በእጁ ነው፤ ደረሰኝ ይፈርማል፣ ይከፍላል፣ ይቀበላል፤ ነገር ግን ከገንዘቡ አንዲት ብር የእርሱ አይደለችም፤ ሒሳቡን የሚጠይቀውም አለ። ሞግዚትም እንዲሁ ነው፤ የያዘው የልጁን አደራ ነው።

በአዳማ የሚሠራው የትኛው ሕግ ነው?

ብዙ ሰው የሚያውቀው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የፌዴራል ሕግ ነው፤ በቀጥታ የሚሠራውም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው፤ ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 69 የራሱን አውጥቷል። የአዳማ ነዋሪ ጉዳይ በክልሉ ፍርድ ቤት ሲታይ መነሻው የክልሉ ሕግ ነው። በዋና ዋና መርሆች ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው የአንቀጽ ቁጥሮች ግን የፌዴራሉ ሕግ ቁጥሮች ስለሆኑ፣ አቤቱታ የሚያዘጋጅ ሰው በክልሉ ሕግ ተዛማጁን አንቀጽ መያዝ አለበት።

ቋንቋውም መረሳት የለበትም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አቤቱታውም የሚጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። በአማርኛ ብቻ የሚጽፍ አመልካች ጠበቃ ወይም በቋንቋው የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልስጥ፦ የተጻፈላችሁን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ቃል በቃል ያንብብላችሁ። በልጅ ጉዳይ አንድ የተሳሳተ የትውልድ ዓመት ወይም አንድ የተዘለለ ስም ወራትን ያባክናል።

እናትና አባት ካሉ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል?

በትዳር ላይ እስካሉ ድረስ አያስፈልግም። እናትና አባት በሕግ የልጃቸው አሳዳሪዎችና ሞግዚቶች ናቸው፤ ሥልጣኑም የሁለቱ እኩል ነው፤ አባት ከእናት አይበልጥም። አንዱ ቢሞት፣ ችሎታ ቢያጣ ወይም በፍርድ ቢሻር ሥልጣኑ ወደ ሌላው ያልፋል። አባቱ ያልታወቀ ልጅ ሥልጣን የእናቱ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በሕግ ኃይል የሚሆን ቢሆንም፣ ባል የሞተባት ሴት ልጇ የወረሰውን ቤት ወይም የጡረታ ገንዘብ ለማስተዳደር ስትጠይቅ መሥሪያ ቤቶች የፍርድ ቤት ማስረጃ ይፈልጋሉ። እናትነቷን ተጠራጥረው ሳይሆን፣ ሌላ ባለመብት አለመኖሩን ፍርድ ቤት አጣርቶ እንዲያረጋግጥላቸው ነው።

ሲፋቱ ልጅ ለእናት ነው የሚሰጠው?

በጣም የተስፋፋው እምነት ይህ ነው፤ መነሻም አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 681 ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ ከእናታቸው ጋር እንዲሆኑ ይደነግግ ነበር። የ1992ቱ አዋጅ ግን ይህን ድንጋጌ አልደገመውም። በአንቀጽ 113 መሠረት ፍቺውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸው፣ ጤናቸውና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሆን፣ ከሌላው ወላጅ ጋርም እንዴት እንደሚገናኙ አብሮ መወሰን አለበት። ይህን ሲያደርግ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል።

ከነዚህ መመዘኛዎች ውስጥ አንዱም ብቻውን አይወስንም። ለምሳሌ አባት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚያሽከረክር፣ እናት ደግሞ በፍራንኮ አካባቢ አነስተኛ ሱቅ ያላት ናት እንበል። የአባት ገቢ ይበልጣል፤ ነገር ግን በወር ውስጥ አብዛኛውን ሌሊት የሚያድረው መንገድ ላይ ነው። “የተሻለ ገንዘብ ስላለኝ ልጁ ለእኔ ይገባል” የሚለው ክርክሩ ሩቅ አይሄድም፤ ምክንያቱም የገቢ ልዩነትን ሕጉ በቀለብ ያስተካክለዋል። ልጁ ከእናቱ ጋር ቢኖርም አባት እንደ አቅሙ ቀለብ ይቆርጣል። በሌላ በኩል እናትየዋ ልጁን በየጊዜው ብቻውን ዘግታበት የምትሄድ መሆኑ በማስረጃ ቢረጋገጥ፣ “እናት ነኝ” ማለት ብቻ አያድናትም።

ፍቺው እስኪጠናቀቅ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ልጅ ደግሞ ዛሬ መብላትና ነገ ትምህርት ቤት መሄድ አለበት። ስለዚህ በአንቀጽ 82 መሠረት ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደቀረበለት የልጆችን አያያዝና ቀለብ የሚመለከት ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ይህን ብዙ ተከራካሪዎች ስለማያውቁ ሳይጠይቁ ይቀራሉ፤ ዋናው ውሳኔ እስኪመጣ ድረስም ልጁ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲጎተት ይከርማል።

አያት፣ አክስት ወይም አጎት መጠየቅ የሚችሉት መቼ ነው?

መርሁ ወላጅ ይቀድማል የሚል ነው። ሁለቱም ወላጆች ከሌሉ ወይም ሥልጣናቸውን ሊሠሩበት ካልቻሉ በመጀመሪያ የሚታየው፣ በመጨረሻ የሞተው ወላጅ በኑዛዜው አሳዳሪ ወይም ሞግዚት መርጦ እንደሆነ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ራሱ ተራ ያስይዛል፤ የእናት ወይም የአባት ወላጆች፣ ማለትም አያቶች ይቀድማሉ፤ እነሱ ከሌሉ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያም አጎቶችና አክስቶች ይከተላሉ። የእናት ወገን ከአባት ወገን አይበልጥም፤ ይህም ሁለት አያቶች በአንድ ልጅ ላይ ለየብቻ የሚያመለክቱበት ጊዜ ስለሚኖር መታወቅ አለበት። እንዲህ ሲሆን የሚመርጠው ፍርድ ቤቱ ነው። ዘመድ ጨርሶ ከሌለም ሌላ ተገቢ ሰው ወይም ተቋም ይሾማል።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሳው ወላጅ በሕይወት እያለ ዘመድ ሲጠይቅ ነው። በዚህ ላይ በመላ አገሪቱ ያሉ ፍርድ ቤቶችን አካሄድ የለወጠ አንድ ውሳኔ አለ። በቀድሞው የደቡብ ክልል እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ስታሳድግ ቆይታ፣ ልጁን በማሳደጉ ሥራ ያልነበረው አባት ሞግዚትነቱ ለእኔ ይገባል ሲል አመለከተ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች አንዱ ወላጅ ሲሞት ሥልጣኑ ወደ ሌላው ያልፋል የሚለውን የቤተሰብ ሕግ በቀጥታ ተከትለው ለአባት ወሰኑ። ሕጉን በቃሉ ብቻ ላነበበ ሰው ውሳኔያቸው ስሕተት አይመስልም። አክስቲቱ ግን በመጨረሻ ውሳኔ ላይ ያለ መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን እስከሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ሄደች። ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 23632 በጥቅምት 2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የሥር ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ ሻረ። የተመሠረተውም በሁለት ነገሮች ላይ ነው፦ ሕፃናትን በሚመለከት ፍርድ ቤቶችን ጨምሮ ማናቸውም አካል እርምጃ ሲወስድ የሕፃናቱ ደህንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት በሚለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ባጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት።

ይህ ውሳኔ ክብደት ያገኘው የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ ነው። በአዳማ የሚያስችል ዳኛም ከዚህ መርህ መውጣት አይችልም። ትርጉሙ ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ውሳኔው አክስት ከአባት ትበልጣለች አላለም። ያለው የደም ቅርበት ብቻውን አይበቃም፤ ለዚህ ልጅ፣ በዚህ ሁኔታ ማን ይሻለዋል ተብሎ ይጠየቅ ነው። ስለዚህ ከወላጅ ጋር የሚከራከር ዘመድ ማስረዳት ያለበት የራሱን ፍቅር ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ ወደ ወላጁ ቢሄድ ምን እንደሚጎዳ፣ ባለበት ቢቆይ ምን እንደሚጠቀም ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የክትባትና የሕክምና ካርድ፣ የመምህራንና የጎረቤት ምስክርነት ከረጅም ንግግር ይልቅ የሚናገሩት ለዚህ ነው።

እናት ውጭ አገር ሠርታ የምትልክ፣ አያት ደግሞ ወንጂ ወይም አዳማ ሆና ልጁን የምታሳድግ ከሆነስ? ይህ በየመንደሩ የሚገኝ ኑሮ ነው። እናትየዋ በሕይወት አለች፣ ሥልጣኗም አልተሻረም፤ ስለዚህ ባለችበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ለአያትየዋ ውክልና መስጠት ትችላለች። ይሁን እንጂ ውክልና አሳዳሪነትን አያስተላልፍም። ተወካይ የሚሠራው በወካዩ ስም፣ በተጻፈለት ልክ ብቻ ነው፤ ወካዩ ሲያነሳው ወይም ሲሞት ያበቃል። ሌላው ወላጅ፣ ማለትም አባትየው፣ በሕይወት ካለ ደግሞ የእናትየዋ ውክልና የእርሱን ሥልጣን አያስቀርም። አያትየዋ ለልጁ ፓስፖርት ለማውጣት ስትሄድ ችግሩ የሚገጥማት እዚህ ላይ ነው። አባት ፈቃደኛ ከሆነ ስምምነቱን በጽሑፍ ማግኘት፣ ካልሆነ ወይም የት እንዳለ ካልታወቀ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይሻላል። እኔ እንደማምነው ከሁሉ የከፋው መንገድ “ማን ይጠይቀናል” ብሎ መቆየት ነው፤ ጥያቄው የሚመጣው ልጁ ሲታመም ወይም ርስት ሲከፈል፣ ማለትም ጊዜ በማይኖርበት ሰዓት ነውና።

አቤቱታው እንዴት ይቀርባል?

ተቃዋሚ በሌለበት ጉዳይ ሂደቱ ቀላል ነው። አመልካቹ ልጁ በሚኖርበት አካባቢ ላለው የወረዳ ፍርድ ቤት አቤቱታ ከቃለ መሐላ ጋር ያቀርባል። አቤቱታው ልጁ ማን እንደሆነ፣ ወላጆቹ የት እንዳሉ፣ አመልካቹ ምኑ እንደሆነና ሥልጣኑ ለምን እንዳስፈለገው በግልጽ ይናገራል። ከዚህ ጋር የልጁ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ወላጅ ሞቶ ከሆነ የሞት የምስክር ወረቀት፣ ዝምድናውን የሚያሳይ የቀበሌ ደብዳቤና የአመልካቹ መታወቂያ ይያያዛሉ፤ ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮችም ይቀርባሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ በዘመናዊ መልክ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ተወልደው ያልተመዘገቡ ልጆች አሉ፤ እንዲህ ያለው ቤተሰብ የልደት ምዝገባውን አስቀድሞ ቢጨርስ ከብዙ ምልልስ ይድናል።

ተቃዋሚ ካለ ግን ነገሩ ክርክር ይሆናል። መጥሪያ ይደርሳል፣ መልስ ይሰጣል፣ ማስረጃ ይሰማል። ፍርድ ቤቱ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይን የሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የሁለቱንም ቤት አይቶ አስተያየት እንዲያቀርብ ሊያዝ ይችላል። ልጁ ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ከሆነም መሰማት አለበት፤ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 የሚለው ይህንን ነው፤ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ የሚገባው ክብደት ይሰጠዋል። ዳኞች ብዙ ጊዜ ልጁን ከተከራካሪዎቹ ለይተው በጽሕፈት ቤታቸው ያነጋግሩታል። እባካችሁ ልጁን ለዚያ ቀን “እንዲህ በል” ብላችሁ አታሠልጥኑት። የተጠና ቃል በቶሎ ይታወቃል፤ ከዚያም በላይ ልጁ ከሚወዳቸው ሰዎች አንዱን እንዲከስስ ማድረግ የማይሽር ቁስል ነው።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌላቸው ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መጠየቅ ይችላሉ፤ ማኅበሩ በነፃ ምክር በመስጠትና አቤቱታ በማዘጋጀት የታወቀ ነው።

በሽማግሌ መጨረስ አይቻልም?

መስማማት ይቻላል፤ የሚበረታታም ነው። ተጋቢዎች በስምምነት ሲፋቱ ልጆቹን ስለሚመለከተው ጉዳይ የደረሱበትን ስምምነት ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ፍርድ ቤቱ ግን እንዳለ አያጸድቀውም፤ የልጆቹን ጥቅም በበቂ የማይጠብቅ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የልጆቹን ጉዳይ ራሱ ሊወስን ይችላል። ለምሳሌ “ቀለብ አልጠይቅም፣ ልጁን ብቻ ስጠኝ” የሚል ስምምነት በየቤቱ ይደረጋል፤ ቀለቡ ግን የእናቲቱ ሳይሆን የልጁ መብት ስለሆነ እርሷ ልትሰርዘው አይገባም። በሽማግሌ ፊት ብቻ ተፈርሞ የቀረ ወረቀት ደግሞ አንዱ ወገን ቃሉን ሲያጥፍ እንደ ፍርድ አይፈጸምም። ሙስሊም ቤተሰቦች ሁለቱም ወገኖች በፈቃዳቸው ከተስማሙ ጉዳዩን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይችላሉ፤ የአንዱ ፈቃድ ብቻ አይበቃም።

ጉዲፈቻ ከዚህ በምን ይለያል?

አሳዳሪነት ልጁን የማንም ልጅ አያደርገውም፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል፣ በአሳዳሪና በልጅ መካከልም በዚህ ምክንያት የውርስ መብት አይፈጠርም። ጉዲፈቻ ግን የልጅነት ዝምድና ይፈጥራል፤ ቃሉም ሥርዓቱም ከኦሮሞ ባህል የመጣ በመሆኑ ለአዳማ ሰው እንግዳ አይደለም። በሕጉ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ በሕይወት ያሉ ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስምምነቱም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 ቀርቷል።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላስ?

ያልተስማማ ተከራካሪ በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይችላል። በክርክሩ መግባት ሲገባው ሳያውቅ ውሳኔ የተሰጠበት ሰው፣ ለምሳሌ የልጁ አያት ማመልከታቸውን ያልሰማ አባት፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 358 መሠረት ለዚያው ፍርድ ቤት መቃወሚያ ያቀርባል። የልጅ ጉዳይ ከሌላው ክርክር የሚለየው ደግሞ ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔውም እንደገና ሊታይ መቻሉ ነው። ያሸነፈው ወላጅ ቢታመም፣ ልጁን መበደሉ ቢረጋገጥ ወይም ልጁ አድጎ ፍላጎቱ ቢለወጥ አዲስ አቤቱታ ይፈቀዳል። ልጁን አላስረክብም የሚል ሰው ሲኖርም ጉልበት ሳይጠቀሙ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት፣ ማለትም ውሳኔው እንዲፈጸም ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ነው፤ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሲሆን ፖሊስን ያዛል።

የልጁ ንብረት ለብቻው ጥብቅ ነው። ሞግዚት የልጁን ቤት ለመሸጥ በሞግዚትነት ማስረጃው ብቻ አይችልም፤ ሽያጩ ለልጁ ለምን እንደሚጠቅም አስረድቶ የፍርድ ቤት ልዩ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ያለ ፈቃድ “ከሞግዚቱ” ቤት የገዛ ሰው ልጁ ካደገ በኋላ ውሉ እንዲፈርስ ሊከሰስ ይችላል፤ ስለዚህ ገዢም ፈቃዱን ሳያይ መፈረም የለበትም። በዓመታቱ ውስጥ የተቀበለውንና ያወጣውን ሁሉ ሞግዚቱ በጽሑፍ ይይዛል፤ ልጁ 18 ዓመት በሞላው ጊዜም ሒሳቡን ከነሰነዱ ለራሱ ለልጁ ያስረክባል።